ባል የሆንኩበት ቅዳሜ

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ያሬድ ጋብቻውን ወረዳ ሄዶ ሲያስመዘግብ ከምስክሮቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። መዝጋቢዋ ወጣት ሴት ናት። ከእኛ በፊት ብዙ ሙሽሮችን ስታስተናግድ ስላረፈደች ደክሟታል መሰለኝ፣ ባልና ሚስት በትዳራቸው እኩል መብት እንዳላቸው፣ ንብረታቸውንም በጋራ እንደሚያስተዳድሩ የሚናገረውን ክፍል ቀና ሳትል፣ ፌርማታ እንደሚጠራ የታክሲ ረዳት በአንድ ትንፋሽ አነበነበችው። ሙሽራዋ ሜሮን ቀለበቷን እያሽከረከረች ነበር። ያሬድ ሰርቆ ስልኩን ያያል። ሰማንያ ዓመት ያለፋት እናቴ ብቻ ከዘራዋን ተደግፋ እያንዳንዷን ቃል ታዳምጥ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ ወደ እኔ ዞር ብላ ጠቀሰችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። መዝጋቢዋ ቀና ብላ ምን የሚያስቅ ነገር እንዳገኘሁ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? «ይህ ህግ ከመውጣቱ በፊት እኔ አንድ ቅዳሜ ባል ሆኜ ነበር» ልበላት?

ሃያ ዓመቴ ነበር ያኔ። ቤታችን ውቤ በረሃ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ሌላ ሰው ውቤ በረሃ ሲሉት ጭፈራው ነው የሚታየው፤ ለእኛ ግን ልብስ የሚሰጣበት፣ ሽንኩርት የሚከተፍበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሚጥሚጣ የሚዋዋስበት ተራ ሰፈር ነበር። አባቴ ፒያሳ፣ ከአንድ ወርቅ ቤት ደረጃ ሥር፣ እንደ ቁም ሳጥን በጠበበች ሱቅ ውስጥ ሰዓት ይጠግን ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ከወዲሁ ልናገር። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ታጋሽ፣ ሌላው ሰው «ይጣል» ያለውን ሰዓት ሳምንት ሙሉ አቀርቅሮ ነፍስ የሚዘራበት ሰው ነበር።

እናቴ ደግሞ ጨርቅ ታውቃለች። ዓይኗን ጨፍና በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ ንጹሑን ጥጥ ከቅልቅሉ ትለያለች። በዚህ ችሎታዋ በጣም የሚገረሙት ወይዘሮ ሸምስያ ነበሩ። ከወልቂጤ በኩል በልጅነታቸው መጥተው ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ፣ ደንበኛን በሦስት ቋንቋ የሚያሳምኑ ብርቱ ነጋዴ ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ እናቴን ሱቃቸው ገብታ አብራቸው እንድትሠራ ጠየቋት። እናቴ ደስ አላት። አባቴን ግን መጠየቅ ነበረባት።

ሦስት ጊዜ ጠየቀችው። ሦስቱንም ጊዜ ከቤታችን ጠረጴዛ አጠገብ ሆኜ ሰምቻለሁ። አባቴ ከሱቁ ይዞት ከመጣው ሰዓት ቀና ብሎ ማጉያ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ ያደርግና በዚያች ዝግ ባለች ድምፁ «እኔ እያለሁ? ሰው ምን ይለኛል?» ይላታል። ቀጥሎ በእጁ የያዘውን ሰዓት የጀርባ ክዳን በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። «ቀጭ» ይላል። በእኛ ቤት ያቺ «ቀጭ» ጉዳዩ ተዘጋ ማለት ነበረች። እናቴም ወደ ጓዳ ትመለሳለች።

በጊዜው የነበረው ህግም ከአባቴ ጎን ነበር። ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገዋል፤ የሚኖሩበትን ቤት የሚመርጠው፣ የጋራውን ንብረት የሚያስተዳድረው እሱ ነው። አባቴ ህጉን አንብቦት የሚያውቅ አይመስለኝም። ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነገር ስለሆነ ማንበብም አላስፈለገው።

እኔ ህጉን የሰማሁት ከአራዳ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ በሚገኝ አንድ አሮጌ የእንጨት ፎቅ ላይ ነው። የአንድ የሴቶች ማኅበር ቢሮ እዚያ ነበር። እኔና የልብ ጓደኛዬ የሺ ከትምህርት በኋላ እየሄድን ወረቀት እናባዛለን፣ ፊርማ እናሰባስባለን፣ ለስብሰባ ወንበር እንደረድራለን። የማኅበሩ ጸሐፊ እትዬ ሰብለ ነበሩ፤ ህግ የተማሩ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ደረጃውን ሲወጡ የጫማቸው ድምፅ ቀድሟቸው የሚደርስ ሴት። የቤተሰብ ህጉ እንዲሻሻል ማኅበሩ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ሸንጎ ሲጠራ ወራት አልፈዋል። አንድ ቀን ታዲያ እትዬ ሰብለ ከስብሰባ ተበሳጭተው ተመለሱ። አዳራሹ የሚሞላው ሁልጊዜ ቀድሞውኑ በተስማማ ሰው እንደሆነ፣ ያልተስማማው ሰው ያለው ግን ድልድዩ ጋ እንደሆነ ነገሩን። ስለዚህ አጭር ድራማ አዘጋጅተን መንገድ ላይ ልናሳይ ተወሰነ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ሚስት ሥራ ታገኛለች፤ ባሏ ይከለክላታል፤ ከዚያ ተመልካቹ ይከራከራል። ሚስቲቱን የሺ ሆነች። ባልየውን የሚሆነው አንድ የሰፈራችን ወጣት ነበር፤ ለትርኢቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ጓደኞቹ እንዳያላግጡበት ፈርቶ ቀረ። ሌላ ወንድ ብንፈልግ አጣን። እትዬ ሰብለ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ቁመቴ እንደሚበቃ፣ ድምፄም ከሱ እንደሚሻል ፈረዱ። ቅዳሜ ጠዋት የአባቴን ግራጫ ኮት ከመስቀያው፣ የእናቴን ኩል ከመሳቢያዋ ይዤ ወጣሁ። ጢሜን በኩል የሣለችኝ የሺ ናት።

ሚያዝያ ነበር። ሰማዩ ላይ ዳመና ተሰብስቦ፣ ድልድዩ ጋ የተቆላ ኦቾሎኒ ሽታ ከናፍጣ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ያፍናል። ቅዳሜ ከሰዓት ስለሆነ ገበያተኛው እግረኛ መንገዱን ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ፈሷል። ኮቱን ለብሼ ብቅ ስል ከሕዝቡ መሃል አንዱ «ጢሙ ገና አልደረቀም፣ እንዳትነኩት» አለ። ሰው ሳቀ። ተከፍቶ በተዘረጋ ካርቶን ላይ ቆምኩ፤ መድረካችን እሱ ነበር።

የሺ ሥራ ማግኘቷን ነገረችኝ። እኔ የምመልሰው ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስሸመድደው ያደርኩት። አፌን ስከፍት አንዲት ቃል አጣሁ። ሕዝቡ ይጠብቃል፤ የሺ በዓይኗ ትለምነኛለች። እጄ በራሱ ፈቃድ ወደ ግንባሬ ሄደና የሌለ መነጽር ወደ ላይ ገፋ። ዝግ ባለ ድምፅ «እኔ እያለሁ?» አልኩ። «ሰው ምን ይለኛል?» ከዚያም በምላሴ «ቀጭ» አደረግሁ።

ቀጥሎ ከጉልት ነጋዴዎቹ በኩል ሳቅ ፈነዳ። የሚያውቁትን ሰው በድንገት መንገድ ላይ ያገኙ ይመስሉ ነበር። የሺ ለመነችኝ፤ እኔ «ቀጭ»። አለቀሰችብኝ፤ እኔ «ቀጭ»። ሕዝቡ ራሱ አብሮኝ «ቀጭ» ማለት ጀመረ። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። እንዲህ ሰክሬ ሳለሁ ነው ከሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ፣ ኮቱን ትክ ብሎ የሚያይ ሰው ያየሁት። አባቴ ነበር።

የቤታችንን ገመና አደባባይ አውጥቼ፣ ያውም ኮቱን ለብሼ፣ ድልድይ ሙሉ ሰው አስቄበታለሁ። የቀረውን እንዴት እንደጨረስኩ አላስታውስም። እትዬ ሰብለ ወደ መሃል ገብተው ሕዝቡ ሐሳብ እንዲሰጥ ጋበዙ። አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ሴት ሥራ ከዋለች ልጅ ማን ያሳድጋል ብለው ጠየቁ። አንዲት ሎሚ ሻጭ አራት ልጆች እዚሁ ጉልቷ ላይ እንዳሳደገች፣ አንዱም ሎሚ ሆኖ እንዳልቀረ መለሰችላቸው። ከዚያ የአባቴ እጅ ተነሳ።

«ሰውየው ክፉ አይደለም» አለ። አልተሰማም፤ እትዬ ሰብለ ደግሞ እንዲናገር ለመኑት። «ክፉ አይደለም ነው የምለው። ፈርቶ ነው። ሚስቱን ማብላት አቃተው እንዳይባል፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው።»

ሚኒባሱን ተደግፎ የቆመ አንድ ሾፌር መለሰለት፤ በማላገጥ ሳይሆን በአክብሮት። «ጋሼ፣ ሰው የሚሉት እኮ እኛን ነው» አለ። «ይኸው ሁላችንም እዚህ ነን። ማን ምን አለ?»

ሕዝቡ ሳቀ። አባቴ ግራ ቀኙን አየ። ሎሚ ሻጯን፣ ጋቢ የለበሱትን አባት፣ ሾፌሩን፣ ዕድሜውን ሁሉ ሲፈራው የኖረውን «ሰው» አንድ በአንድ አየው። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አባቴ ቤት ውስጥ ሲስቅ አይቻለሁ፤ አደባባይ ላይ ሲስቅ ግን የዚያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ዝናቡ ጠብ ጠብ ሲል ሰው ተበተነ። አባቴ ጠበቀኝ። ዳገቱን ወደ ፒያሳ ወጣንና አንድ ኬክ ቤት ይዞኝ ገባ። ለእኔ ሚልፎኝ፣ ለእሱ ማኪያቶ አዘዘ። አስተናጋጁ ዝናብ ያወረደውን ጢሜን እያየ ኬኩ «ለእሱ ነው» ይበል «ለእሷ ነው» ቸግሮት ቆመ።

«እንደዚያ ነው የምናገረው?» አለኝ አባቴ።

«ትንሽ አብዝቼዋለሁ» አልኩት።

ማኪያቶውን ሲያማስል ቆየ። «አላበዛሽውም» አለ።

ይቅርታ ልጠይቀው ጀመርኩ፤ ገመናችንን ማውጣቴን፣ ኮቱን ሳላስፈቅድ መውሰዴን። እንድተወው በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ነገሩ የእሱ ቤት ብቻ ይመስለው እንደነበር፣ ያ ሁሉ ሰው አብሮ «ቀጭ» ሲል ግን በየቤቱ ያለ መሆኑ እንደገባው ቀስ ብሎ ነገረኝ። ከዚያ መሐረቡን አውጥቶ ጢሜን ራሱ ጠረገልኝ።

እቤት ደርሶ ያወጀው አዋጅ ግን የለም። ሚያዝያ አለፈ፣ ክረምቱ ገባ፣ ድልድዩ ሥር ያለው ወንዝ ጮኸ፣ ጸጥም አለ። ተስፋ ቆርጬ ነበር። የእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ አባቴ ቁርስ ላይ ከኪሱ አንድ የሴት ሰዓት አውጥቶ እናቴ ፊት አስቀመጠ። ቡናማ ቆዳ ማሰሪያ ያላት፣ ከጥፍር ብዙ የማትበልጥ ሰዓት። ያኔ ነው የገባኝ፤ እናቴ ሃያ ሁለት ዓመት የሰዓት ጠጋኝ ሚስት ሆና ስትኖር ሰዓት ኖሯት አያውቅም። በሰዓት የምትደርስበት ቦታ አልነበራትማ።

«ሸምስያ ሱቁን የሚከፍቱት በሁለት ሰዓት ነው አሉ» አላት። «አርፍደሽ እንዳታሳፍሪኝ።»

እናቴ ሰዓቷን አሰረችና የቁርሱን ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ ውሃ እንዳይነካት ግራ እጇን ወደ ላይ ሰቅላ፣ በአንድ እጇ። እኔ ልቀበላት ብነሳ እምቢ አለች። እንዲያ እጇን እንደሰቀለች ለብቻዋ ትስቅ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ፣ ወይዘሮ ሸምስያ ከጨርቅ ክምር መሃል ሆነው የማላውቀውን ነገር ነገሩኝ። ያን ቅዳሜ እናቴ ኮቱና ኩሉ መጥፋታቸውን አይታ የሺን ገና ከቤቷ ስትወጣ ይዛ መርምራታለች። የሺ ሁሉንም አፈሰሰችላት። እናቴም ቀጥታ ሸምስያ ጋ ሄዳ፣ ለአባቴ ሌላ ኮት የሚሆን ጨርቅ መጥቷልና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሱ መጥቶ ይምረጥ ብለው እንዲልኩበት አድርጋለች። በብብቱ ይዞት የነበረው ጥቅል እሱ ነበር። እኔና የሺ ለእናቶቻችን መብት የምንታገል ጀግኖች መስሎን ነበር። ድርሰቱን የጻፈው ማኅበሩ ነው፤ ዋናውን ተመልካች ያመጣችው ግን እናቴ ናት።

የቤተሰብ ህጉ ከዚያ በኋላ ተሻሻለ። ወሬው ቢሮ የደረሰ ቀን እትዬ ሰብለ ጫማቸውን አውልቀው፣ ያ የእንጨት ወለል እስኪያቃስት እስክስታ ወረዱ። የሺ ታለቅሳለች፤ እኔ አጨበጭባለሁ። አባቴ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ጨው የት እንደሚቀመጥ አያውቅም ነበር። ህግ ጓዳ ለመግባት ጊዜ ይወስድበታል። ማታ ማታ ግን ሱቋ በር ላይ ቆሞ እናቴን ይጠብቃት ነበር፤ ዳገቱን አብረው ይወጡ ነበር፤ እሷ ስለ ጨርቅ ታወራለች፣ እሱ ያዳምጣል።

ከወረዳው እንደወጣን ያሬድ ፒያሳ ምሳ ጋበዘን። መንገዱ ሰፍቷል፣ የማውቃቸው ብዙ ቤቶች የሉም፤ ክትፎው ግን ደህና ነው። ሜሮን መዝጋቢዋ ፊት ለምን እንደሳቅሁ ጠየቀችኝና ባጭሩ ነገርኳት። ግንባሯን ቋጥራ ሰማችኝ።

«እትዬ፣ አልገባኝም» አለች። «ሥራውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ባላቸውን ለምን ፈቃድ ጠየቁ?»

መጀመሪያ ቅር አለኝ። ያ ሁሉ ፊርማ፣ ያ ሁሉ ደረጃ፣ ያ ሁሉ ዝናብ ለዚች ልጅ ምኗም አይደለም። ቀጥሎ ደስ አለኝ፤ እንዳይገባት አይደል እንዴ የለፋነው? ከደስታው ሥር ግን አንድ ሐሳብ ቆረቆረኝ። በሩ ተዘግቶ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ በሩ ቀስ ብሎ መገርበብ ቢጀምር ቶሎ ላያስተውል ይችላል። ስለዚህ ወንበሬን ወደ ሜሮን አስጠጋሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩላት፤ እናቴ በየመሃሉ እያረመችኝ።