ያንን ባንድ መጀመሪያ ማን ሰማው? ከላምበረት እስከ ካራቆሬ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ላምበረት

«መንገዱ ሰላም ነው አሉ?» እናቴ ይህን ስትጠይቀኝ ለሦስተኛ ጊዜ ነበር። ትናንት ሸዋ ሮቢት ደውዬ እንደነበርና መኪና እንደ ልብ እንደሚመላለስ ደግሜ ነገርኳት። «ኧረ ለመሆኑ ምን ልታደርጊ ነው የምትሄጂው?» አለች። «አንድ ዘፈን ከየት እንደመጣ ልጠይቅ» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና ዳቦ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ከእኔ ጋር መከራከር ከተወች ቆይታለች።

ስሜ ሕይወት ነው፤ አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ነጭ ጋወን ለብሼ የደም ግፊት መድኃኒት አወሳሰድ ሳስረዳ ያየ ሰው በማዳመጫዬ ምን እንደምሰማ አይገምትም። የምወደው ባንድ የውጭ ነው፤ ሙዚቃው ፕሮግረሲቭ ዴዝ ሜታል ይባላል። ከባድ ጊታር አለ፣ የሚጣደፍ ከበሮ አለ፣ ከሆድ ተነሥቶ በጉሮሮ የሚወጣ ጉርምርምታ አለ። ከዚያ ሁሉ መሀል ድንገት ጸጥ ይልና ሕፃን ማስተኛ የሚመስል ለስላሳ ዜማ ይመጣል። አንዱ ዘፈን አሥር ደቂቃ ይፈጃል።

ይህን ባንድ የምንወድ አሥራ አንድ ሰዎች በቴሌግራም እንጨዋወታለን። በቅርቡ አንዱ «መጀመሪያ እንዴት ነው የሰማችሁት?» ብሎ ጠየቀና ሁሉም ታሪኩን ጻፈ። አንዷ የወንድሟን ስልክ ስትጎረጉር፣ አንዱ ፀጉር ቤት ወረፋ ሲጠብቅ። እየተጎተተ ሲሄድ የብዙዎቹ ክር እኔ ጋ ደረሰ፤ የእኔ ደግሞ ሰይድ ጋ።

ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ከምሳ በኋላ ለፈተና ሳጠና መጽሐፍ ላይ እንቅልፍ ሲያዳፋኝ፣ ሰዎች ዘፈን በሚለዋወጡበት አንድ ግሩፕ ላይ «የሚያነቃ ነገር ላኩልኝ» ብዬ ጻፍኩ። «ሰይድ ሞባይል» የሚባል የማላውቀው ሰው አንድ ዘፈን ላከልኝ። ሲጀምር ቀስ ያለ ጊታር ብቻ ነው። ይሄ ሰውዬ ያሾፍብኛል ልበል እያልኩ ሳለ ያ ድምፅ መጣ። የዶርም ጓደኛዬ ከአልጋዋ ዘላ «በስመ አብ! ምንድን ነው የገባው?» አለች። እኔ ግን እንቅልፌም ፈተናውም ጠፋኝ፤ አራት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። ፈተናውንም ለጥቂት ነው ያለፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሰይድ ጋር በጽሑፍ ስናወራ ኖረናል። እሱ የሚኖረው ሸዋ ሮቢት ነውና በአካል ተያይተን ግን አናውቅም። «አንተስ ከማን ሰማኸው?» ስለው «የእኔ በጽሑፍ አይሆንም፤ ከመጣሽ እነግርሻለሁ» አለኝ። ሁለት ቀን ፈቃድ ጠየቅኩና ተነሣሁ።

ረፋድ፣ ከጣርማበር ቁልቁል

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ በመስኮት ስንጥቅ ገብቶ ጣቴን አደነዘዘው። የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ስንወጣ ጉም መንገዱን ውጦት ነበርና ሹፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ወረደ። ደብረ ሲና ላይ ሴቶች የቆሎ ላስቲክ በመስኮት አቀበሉን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ መጣ፤ መጀመሪያ ጋቢ ወረደ፣ ቀጥሎ ጃኬት፣ ቀጥሎ ሹራብ። አርማንያን ስናልፍ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ጫማቸውንም አውልቀው «ቆላ ገባን!» አሉ።

ሸዋ ሮቢት ስደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። የሽንኩርት ጆንያ የጫነ አይሱዙ መንገዱን ዘግቷል፤ ባጃጆች እንደ ዓሣ በጎንና በጎኑ ይሹለከለካሉ። የማንጎ ክምር ያልተቀመጠበት ጥላ የለም።

ከሰዓት፣ የሰይድ ሱቅ

ሰይድ ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው፣ ጺሙ ላይ ግን ሽበት ጣል ጣል ብሏል። የስልክ መጠገኛ ሱቁ ሁለት ሰው ከገባባት ትሞላለች። ሲያየኝ ተነሥቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «አሰላሙ አለይኩም፣ የእኔ እኅት! ቁመትሽ እንዲህ አይመስለኝም ነበር» አለና ሁለታችንም ሳቅን። ማንጎ ልጦ አቀረበልኝ፣ ቬንቲሌተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ። ስለ ባንዱ የመጨረሻ አልበም ለአንድ ሰዓት ያህል ተከራከርን። እኔ ጉርምርምታው ቀነሰ ብዬ እቆጫለሁ፤ እሱ «አድገው ነው» ይላል።

ከዚያ ጥያቄዬን ጠየቅኩት። የመፍቻዎቹን ሣጥን ዘጋ።

«ሰርቄ ነው» አለኝ።

«ምን?»

«ሙዚቃውን። አንድ መምህር ከአጣዬ መስታወቱ የተሰበረ ስልክ አመጡልኝ። ሠርቼ ስጨርስ ድምፁን ልሞክር ብዬ ያገኘሁትን ከፈትኩ። ያ መጣ። ከወንበሬ ተነሣሁ ነው የምልሽ! ከዚያ ሳላስፈቅድ ሜሞሪውን ሙሉ ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥኩት። ሰውየው ስልካቸውን ተቀብለው አመስግነው ሄዱ። የሰው አማና፣ አደራ ነበር፤ በላሁት።»

«ሰይድ፣ ዘፈን እኮ ነው።»

«ዘፈን ብቻ አይደለም» አለና ኮምፒውተሩን ከፈተ። ከአልበሙ ፋይሎች ሥር አንድ አጭር የድምፅ ቅጂ አለ። አንድ ወጣት በአማርኛ ሰላምታ ይሰጥና እንደ ባንዱ ዘፋኝ ለመጎርመር ይሞክራል። መሀል ላይ ያስለዋል፤ ከዚያ «ቆይ ቆይ፣ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ!» ብሎ ይስቃል። ከሩቅ ሌላ ሰው «ዝም በል አንተ! ጎረቤቱ ምን ይላል?» ይላል። የወጣቱ ሳቅ ሳያልቅ ቅጂው ያበቃል።

ሰይድ ይህን ስንቴ ሊያጠፋው አስቦ እጁ እምቢ እንዳለው ነገረኝ። አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ የመምህሩም ቤት እንደነደደና ሰውየው ካራቆሬ እንደገቡ ሰምቷል። አራት ጊዜ ሊሄድ ተነሥቶ አራት ጊዜ ቀርቷል። «ሌባ ሆኜ ምን ብዬ ቤታቸው እገባለሁ?»

«ነገ አብረን እንሂድ» አልኩት። ፋይሎቹን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ጀመረ።

እሑድ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ

ከሚኒባሱ ኋላ ወንበር ላይ ተጣበን ተቀመጥን። ሰንበቴ የገበያ ቀኗ ነበርና ግመሉም ፍየሉም መንገዱ ላይ ነው፤ ሹፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ በኦሮምኛም በአማርኛም መንገድ እንዲለቁለት ይለምናል። ፓፓያ የያዙ አንዲት እናት ሰይድን «ሚስትህ ናት?» አሉት። «እኅቴ ናት፣ እናቴ» አላቸው። «ታዲያ ምነው ፊትህ እንዲህ ጠቆረ?» አሉት። ሰይድ ኪሱ ውስጥ ያለውን ፍላሽ ዳሰሰ።

አጣዬን ስናልፍ ወሬው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ። አዲስ ቆርቆሮ ከጠቆረ ግድግዳ ጎን ለጎን ቆሟል። ከፊታችን ያለ ሰው በጣቱ አንድ ቦታ አሳየና እጁን መለሰ።

መምህር ታደለን ካራቆሬ ውስጥ ማግኘት አልከበደንም፤ የፊዚክስ መምህሩን የማያውቅ ባጃጅ ነጂ የለም። የተከራዩት ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የተማሪ ደብተር ያርማሉ። ሃምሳን የተሻገሩ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ውሃ አቀረቡልን።

ሰይድ አልተቀመጠም። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ስልክ አሠርተው ነበር» አለ።

«አዎን። የወንድሜ ስልክ ነበር። ብርሃኑ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ፤ ታሞ ካረፈ በኋላ ነው ያመጣሁልህ። ቤቱ ሲቃጠል ስልኩም አብሮ ሄደ።»

«እኔ ውስጡን ገልብጨው ነበር። ሳላስፈቅድዎ። አፉ ይበሉኝ።»

መምህሩ እስክሪብቷቸውን ደብተሩ ላይ አስቀመጡ። «ሁሉንም?» አሉ። ድምፃቸው የቁጣ ይሁን የሌላ ነገር፣ መለየት አልቻልኩም።

«ሁሉንም።»

ሰይድ ፍላሹን ደብተሩ ላይ አኖረላቸውና፣ ስልኩ ላይም ገልብጦት የነበረውን ያንን ቅጂ ከፈተው። ጉርምርምታው መጣ፣ ሳሉ መጣ፣ ሳቁ መጣ። እትዬ አስካለ ከጓዳ እጃቸው ሊጥ እንደያዘ ብቅ አሉ። «ብርሃኑ ነው?» አሉ። «ብርሃኑ ነው እኮ!» ብለው እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጡ። በስድስት ዓመቱ ተቀብለው ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ።

መምህር ታደለ «ድገመው» አሉ። ተደገመ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጓሮ ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸውን ታጥበው ነበር።

«ያ ዝም በል የሚለው እኔ ነኝ» አሉ። «በሕይወት ሳለ አንድም ቀን አብሬው አልሰማሁለትም። የሰይጣን ጩኸት ነው እለው ነበር። ካረፈ በኋላ ነው ምን አይቶበት ይሆን ብዬ መስማት የጀመርኩት። መጀመሪያ ቀን አልቻልኩም። ሳምንት ሳይሞላ ግን ያ ለስላሳው ቦታ ሲመጣ እሱ የመጣ ይመስለኝ ጀመር።» ከዚያ ወደ ሰይድ ዞሩ። «አፉ ብያለሁ። ተቀመጥ እንግዲህ።»

ሰይድ ተቀመጠ።

ብርሃኑስ ከየት አገኘው? እሱ የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ወደብ ላይ ተራ ሲጠብቅ ከአንድ መርከበኛ ጋር በምልክት ተግባብተው ፍላሽ ተለዋወጡ። ሲመለስ አፋር በረሃ ላይ በመኪናው ማጫወቻ ከፈተው። ጉርምርምታው ሲጀምር የኋላ እግሩ ማርሽ፣ ዲፈረንሻሉ፣ የተበላ መስሎት መኪናውን ዳር አቁሞ ከሥር ገባ። ተኝቶ ብረት ሲነካካ ጊታሩ ለሰለሰ። «ከመኪናው ሥር ሆኜ ዘፈኑን እስኪያልቅ ሰማሁት ይል ነበር» አሉ መምህሩ፤ ይህን ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እትዬ አስካለም እንባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ ሳቁ። ምሳ ሳንበላ አልለቀቁንም።

ሰኞ፣ ወደ ቤት

ሰይድ ሸዋ ሮቢት ላይ ሲሸኘኝ አንድ ፌስታል ማንጎ አስያዘኝና «ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ» አለኝ። አቀበቱን ስንወጣ ጃኬቴን መልሼ ለበስኩ።

ይህን ሙዚቃ ሁሌም ከሥራ ባልደረቦቼ የምደብቀው የግሌ ነገር አድርጌ እቆጥረው ነበር። ለካስ እኔ ጋ የደረሰው በአንድ ሰው ሐዘን ውስጥ አልፎ ነው። ማን ቀድሞ ሰማ የሚለው ጥያቄዬም መንገድ ላይ ቀለለኝ፤ መርከበኛውን ማን አሰማው ብዬ ወዴት እሄዳለሁ? ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንዱን ማዳመጫ ለሥራ ባልደረባዬ ሰጠኋት። ሁለት ደቂቃ ሰምታ «ውይ፣ ይቅርብኝ» ብላ መለሰችልኝ። ምንም አልከፋኝም።

ሐሙስ ዕለት ሰይድ መምህር ታደለን ግሩፓችን ውስጥ አስገባቸው። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳያደርሱ ጥያቄ ጻፉ፦ «ሰባተኛው ዘፈን፣ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ፣ የከበሮው ምት ስንት በስንት ነው? አሥር ጊዜ ቆጠርኩት፤ አሥር ጊዜ ጠፋብኝ።» አሥራ አንዳችንም ወዲያው መለስን፤ ሁለት ሰው እንኳ አልተስማማም። መምህሩ የሁላችንንም መልስ አንብበው ሲያበቁ «ሁላችሁም ተሳስታችኋል፤ እንደገና ቁጠሩ» አሉን።