እህቴ ዛሬ በስኩተር ስትሄድ መኪና ገጭታ ወደቀች

«ምን ሆኜ ነው?» ብላ ታላቅ እህቴ ሩት ዛሬ ጠዋት ከአስር ጊዜ በላይ ጠየቀችኝ። በነገርኳት ቁጥር እንደ አዲስ ትደነግጣለች።

ሩት ከምትኖርበት ሰፈር ከላቪንግተን ዌስትላንድስ ወዳለው ሥራዋ የምትሄደው በኤሌክትሪክ ስኩተር ነው። ዛሬ ከፊቷ የነበረው መኪና ፍሬቻ ሳያሳይ ታጠፈባት። ጎኑን ገጭታ ስትወድቅ ጭንቅላቷ ከአስፋልቱ ጋር ተጋጨ።

ሄልሜት አላት። ግን ቅዳሜ ግማሽ ቀን ተቀምጣ የተሠራችው ሹሩባ እንዳይበላሽባት ቤት ትታው ወጣች። (ሐኪሞቹ ቁስሉን ሲሰፉ ሹሩባውን በአንድ ጎን ላጩት።)

ሆስፒታል ያደረሷትም፣ ለእኔ የደወሉልኝም ሹፌሩ ናቸው። አባቴን የሚያክሉ ሰው። ልጮህባቸው ተዘጋጅቼ ነበር የደረስኩት።

«ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ ልጄ፣ እውነት አላየኋትም» አሉኝ። መጮሁን ትቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ስካን ተነሳች፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም አልፈሰሰም። «ጭንቅላቷ ተናውጧል፣ ዛሬ እዚሁ ትደር» አለን ሐኪሙ። ሰውዬው ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው አለቀሱ።

ከሰዓት በኋላ ሩት ከእንቅልፏ ነቃችና አየችኝ። «አንቺ፣ ዛሬ ሥራ አልገባሽም እንዴ?» ብላ ተቆጣችኝ። በሕይወቴ ቁጣዋ እንደዚህ አስደስቶኝ አያውቅም።

ጭንቅላታችሁን ተመትታችሁ የዳናችሁ፣ ወይም እንደ እኚህ አባት መኪና ስትነዱ ሰው የተጎዳባችሁ፣ እናንተ ያን ቀን እንዴት አለፋችሁት? እዚህ ጻፉልኝ። እኔ አልጋዋ አጠገብ ነኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።