እማዬን ለኢንዶስኮፒ ልደታ የወሰድኩ ዕለት

ከደብረ ብርሃን የተነሣነው በማለዳ ነው፤ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። እማዬ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ሚኒባሱ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ጨጓራዋን ለዓመታት በተልባ ስታባብለው ኖራለች። ሰሞኑን ግን እንጀራ ጉሮሮዋ ላይ ይይዛት፣ ቀሚሷም ይሰፋት ጀመር። የከተማችን ሐኪም አዲስ አበባ ሄዳ በኢንዶስኮፒ፣ በጉሮሮ በሚገባ ቀጭን ካሜራ፣ ጨጓራዋን እንድትታይ ላካት። ለምን እንደሆነ ግን አላስረዳንም።

ሸኖ ላይ ተሳፋሪው ቅቤ ሊገዛ፣ ሻይ ሊጠጣ ወረደ። እማዬ ለምርመራው ስትል ከማታ ጀምሮ እህል ስላልቀመሰች አብሬያት ቀረሁ።

"ካሜራ የሚከቱት ያለቀለትን ሰው ነው፤ አትደብቀኝ" አለችኝ።

እኔም የፈራሁት ያንኑ ነበር።

ጌጃ ሰፈር

ቀጠሮው ከሰዓት ስለነበር ከሜክሲኮ ታክሲ ይዘን ወደ ድሮ ሰፈራችን ጎራ አልን። ቤታችን ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። እማዬ ወደ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ዞራ ተሳለመችና በእጇ እያመለከተች አሳየችኝ።

"አንተን የወለድኩህ እዚህ ጋ ነው። የግንቦት ልደታ ንፍሮ የምንቀቅለው ደግሞ እዚያ፣ የቦኖ ውሃው አጠገብ።"

ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ለመደማመጥ የምንጯጯኸው ትዝ አለኝ። አሁን እኛን የሚያውቅ አንድ ሰው አላለፈም።

ክሊኒኩ

ሐኪሟ ወጣት ናት። የእማዬን እጅ ይዛ፣ "እናቴ፣ ምን ያስፈራዎታል?" አለቻት።

"እዚህ መላኬ።"

"ጨጓራ ያመመው ሁሉ አይላክም፤ ብዙው በመድኃኒት ይሻለዋል። እርስዎን ግን ምግብ ይይዝዎታል፣ ከስተዋልም። እንዲህ ሲሆን ከውጭ መገመት አይበቃም፤ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። ካስፈለገም ትንሽ ናሙና ወስደን እናስመረምራለን። የላኩዎት ምክንያቱን እንድናገኝ ነው።"

"ይኼን ያኔ ቢነግሩኝ ስንት ሌሊት በተኛሁ!" አለች እማዬ።

እማዬ ከምርመራው ስትወጣ ድምጿ ጎርንኖ፣ ጉሮሮዋ በማደንዘዣው ደንዝዞ ነበር። የምግብ ቧንቧዋ ከጨጓራ በሚመለስ አሲድ ቆስሎ ጠቧል አሉን። መድኃኒት ታዘዘላት፤ ናሙናውም ተላከ።

መልስ

በመንገዱ ሁሉ ስለ ጌጃ ሰፈር ጎረቤቶቻችን ስታወራኝ መጣች። አንዳንዱን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ያሰኛት ፍርሃቱ ኖሯል። ሐኪም ሲልክህ "ለምን?" ብሎ መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ከቀናት በኋላ ከክሊኒኩ ተደወለልኝ፤ ናሙናው ካንሰር የለበትም። ስነግራት እማዬ አንዴ አማተበችና ተነሥታ ሽሮ ጣደች።