የግራ እጅ ፈትል

ሰው ሲጨብጠኝ ፊቱን ትቼ ጣቶቹን ማየት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም። ባልደረቦቼ "ጠባይዋ ተበላሽቷል" ይሉኛል፤ ይበሉ። ዛሬ ግን ጽፌው ይውጣልኝ ብያለሁ። ነገሩ የእናቴና የእጇ ሥራ ነገር ነው።

እናቴን ሰው ሁሉ እማማ ብዙነሽ ይላታል። የዶርዜ ልጅ ናት። ከደጋ ወርዳ አርባ ምንጭ አጠገብ ጫኖ የሚኖረውን አባቴን ካገባች ወዲህ ዕድሜዋን የጨረሰችው በሙዝና በማንጎ መሃል ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ "ነይ ከኔ ጋር ከተማ ኑሪ" ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛታለሁ፤ እምቢ አለች። እኔ አርባ ምንጭ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል እሠራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ እሷ ጋ እሄዳለሁ፤ እሑድ ማታ እመለሳለሁ።

ከሙዙ ማሳ ዳር ጥቂት የጥጥ ተክል ነበራት። ራሷ ለቅማ፣ ራሷ ዳምጣ፣ ራሷ ትፈትላለች። በኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። አሁን የሚፈትል የለም፤ ሁሉም የፋብሪካ ክር ገዝቶ ነው የሚያሸምነው። እማዬ ግን እንዝርቷን አልጣለችም።

ደግሞ ግራኝ ናት። ልጅ ሳለች እናቷ ግራ እጇን በመቀነት እያሰረች በቀኝ እንድትፈትል ታግላታለች፤ ወይ ፍንክች። እንዝርቱን በግራ እጇ፣ በግራ ጭኗ ላይ ነው የምታሾረው። ስለዚህ ክሯ የሚከረው ከሌላው ሰው ክር በተቃራኒው ነው። ይህን ልጅ ሆኜ እንደ ጨዋታ አስተምራኛለች። የማንንም ክር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ ወደፊት ብታሹት ይጠብቃል። የእማዬን ብታሹት ይላላና ተመልሶ ጥጥ ይሆናል። "ከሺህ ሰው ክር መሃል የኔን ታውቂያለሽ" ትለኝ ነበር፤ ኮራ ብላ።

ዓይኗ እየደከመ ሲመጣ አንድ ነገር ያዘች። "መገነዣዬን ነው የምፈትለው" አለች። "ድሩም ማጉም የእጄ ይሁን። በገዛ ፈትሌ ተጠቅልዬ ነው አፈር የምገባው። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።"

እኔ መጀመሪያ ተቆጣሁ። ሞት ሞት አትበይብኝ አልኳት። እሷ ግን አልሰማችኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ፈተለች። ዓይኗ ባያይም ጣቷ ያያል። ልቃቂቱን በጆንያ እየጠቀጠቀች ካልጋዋ ሥር ታስቀምጠው ነበር።

ፈትሉ ሲያልቅ ማን ይሥራው የሚል ጥያቄ እንኳ አልተነሳም። ዘሪሁን አለ። ዘሪሁን የወንድሟ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞትበት እማዬ ከዶርዜ አምጥታ፣ ከኔ ጋር አንድ ትሪ ላይ እያበላች ያሳደገችው፣ ሸማኔ ዘንድም አስገብታ ሙያ ያስያዘችው እሷ ናት። አሁን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ከገበያው ጀርባ የራሱ የሸማኔ ጉድጓድ ያለው፣ ሁለት ልጆች የወለደ ትልቅ ሰው ነው። እኔን "እትዬ" ይለኛል። ወንድም የለኝም፤ እሱን ነበር ወንድሜ የምለው።

ፈትሉን ሊወስድ የመጣ ቀን አንድ ነጋዴ ግቢያችን ሙዝ እየመዘነ ነበር። እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፤ ምንም ነገር ሳይመዘገብ ሲወጣ ያመኛል። "ከመውሰድህ በፊት እንመዝነው" አልኩ። ክፋት አስቤ አልነበረም። ሸማኔ ፈትል ሲሰጠው መመዘን ያለ ነው።

እማዬ ፊቷ ተለዋወጠ። "ሙዝ ነው እንዴ? የወንድሜን ልጅ በሚዛን ልታዋርጂው ነው? በዘመድ መሃል ሚዛን አይገባም" አለች።

ዘሪሁን ሳቅ ብሎ "ተያት አክስቴ፣ ቢሮ አበላሽቷት ነው" አለ። እኔም አፈርኩ። ጆንያውን ራሴ አንስቼ የመጣበት ባጃጅ ላይ ጫንኩለት።

ከሁለት ወር በኋላ ሠርቶ አመጣው። ጥለት የሌለው ነጭ ጋቢ ነው፤ ዓይን ይማርካል። እማዬ ጭኗ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ዳበሰችው። ከጫፉ አንድ ክር ይዛ በጣቶቿ መሃል አሸት አሸት አደረገች። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ራሱን ይዛ መረቀችው፤ "ልጆችህ ያልብሱህ፣ እጅህ አይዛል" አለችው። እሱም ጉልበቷን ስሞ ሄደ። ያን ዝምታዋን አይቼዋለሁ። ደስታ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አምስት ወር ያህል ቆይቶ መሥሪያ ቤታችን ሐይቁ ቁልቁል በሚታይበት አንድ ሎጅ ውስጥ ስብሰባ ጠራን። በምሳ ሰዓት እግሬን ላፍታታ ብዬ የባህል ዕቃ የሚሸጡበት ክፍል ገባሁ። ግድግዳው ላይ ጋቢ ተሰቅሏል። ዳርና ዳሩ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የዱንጉዛ ጥለት አለው። ነጩ ግን... ምን ልበላችሁ፣ እግሬ ቀጥ አለ። ሰው የእናቱን ድምፅ በሰው ጫጫታ መሃል እንደሚሰማው ነው የሆነብኝ።

ጠጋ ብዬ የጫፉን ክር ይዤ አሸሁት። ላላ። ሌላውን አሸሁ። እሱም ላላና ጥጥ ሆነ። ድሩንም ማጉንም ሞከርኩ።

የምትሸጠው ልጅ "እናቴ፣ እሱ ሙሉ በሙሉ የእጅ ፈትል ነው" አለችኝ። "እንዲህ ዓይነቱ አይገኝም እኮ። ስንት ጊዜ ለምነነው ነው ያመጣልን።"

"ማንን ለምናችሁ?"

"ሲቀላ ያለ የዶርዜ ሸማኔ ነው። ዘሪሁን ይባላል።"

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዴት እንደሚጥል ያን ቀን ገባኝ። ቢመዘን ኖሮ ያልኩትም ከንቱ ነበር። ሚዛኑ ምን ያደርጋል? ጆንያውን እንዳለ አስቀርቶ በዚያው ልክ በፋብሪካ ክር ነው የሠራላት። ግራኝ ያከረረችው ክር ከሌላ ጋር ሲቀላቀል እንደማይስማማ ሸማኔ ያውቃል። ስለዚህ አልቀነሰባትም፤ ሁሉንም ነው የወሰደባት።

ጋቢውን ለመግዛት የያዝኩት አይበቃም ነበር። "እስከ ሰኞ አቆዩልኝ" አልኳት። ልጅቷ ዞር ስትል ከጫፉ አንድ ረዥም ክር መዝዤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለምን እንደመዘዝኩት ያኔ አላውቅም። እናቴ እንድትነካው ይመስለኛል።

ስብሰባውን ጥዬ ጫኖ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ዘሪሁንን የምለውን ሁሉ ስደረድር ነው የደረስኩት። እማዬ ጓሮ ተቀምጣ ነበር። ክሩን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ። አንዴ አሸችውና መለሰችልኝ።

"የኔ ነው" አለች። ምንም አልደነቃትም።

"እማዬ፣ ታውቂ ነበር?"

"ያመጣው ቀን አውቄያለሁ። ዓይኔ ነው እንጂ የታወረው ጣቴ አልታወረም።"

"ታዲያ ለምን መረቅሽው!"

"ደንግጦ እንዲናገር ብዬ ነው። የተመረቀ ሰው መዋሸት ያቅተዋል ብዬ።"

በጋሞ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ሰው የማይደረገውን አድርጎ ከደበቀው በደሉ በሱም በቤቱም ላይ ይቀመጣል፤ የሚነሳውም ራሱ በአፉ ሲናገረው ነው። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናት፤ ይህንን ግን ከደጋ ይዛው ወርዳለች። "ልጆች አሉት። ጎሜው በነሱ ላይ እንዳይቀር ራሱ ያውጣው። አንቺ ብትናገሪ ማውጣት አይደለም፣ መጋለጥ ነው" አለችኝ። ደግሞ እንዳልናገር በአባቴ አጥንት አስማለችኝ።

"እሺ ጋቢውን ልግዛልሽ" አልኳት።

"የራሴን ፈትል ገዝቼ አልቀበርም። እሱ ራሱ ያምጣው።"

እንዲያም ሆኖ ሰኞ ለታ ከሰው ተበድሬ ሎጁ ሄድኩ። ግድግዳው ባዶ ነው። "ይቅርታ እናቴ፣ ቅዳሜ እንግዶች ወሰዱት፤ ወደ ጂንካ የሚያልፉ ፈረንጆች ናቸው" አለችኝ ልጅቷ። ለእማዬ አልነገርኳትም። እሷ ያመጣዋል እያለች ስትጠብቅ፣ የሚመጣ ነገር እንደሌለ ምን ብዬ ልንገራት?

ዘሪሁን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመጣል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጫወታል። እማዬ ሊሄድ ሲነሳ እጁን ይዛ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቀው ነበር።

"ዘሪሁን፣ የምትነግረኝ ነገር የለም?"

"ደህና ነኝ አክስቴ።"

በሚቀጥለው እሑድም እንደዚያው። በሚቀጥለውም። እኔ ጓዳ ገብቼ ጥርሴን ነክሼ እቆማለሁ። አንዳንዴ በሱ ካዘንኩት በሷ ያዘንኩት ይብሳል። እኔ ልጇ በእሳት እየነደድኩ፣ እሷ የምትጨነቀው ለሱ ጎሜ ነው። አፌን ሸብባ ከሌባው ጋር አንድ ገበታ አስቀምጣኛለች፤ እውነቱን ልናገርና እናቴም በዚህ በኩል ከድታኛለች።

ክረምቱ ሲገባ ሳንባዋን አመማት። ሁለት ሳምንት ተኛች። መጨረሻ ቀን ዘሪሁን አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ድምፅዋ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፣ ግን ጠየቀችው። ከንፈሯን አይቼ ነው ያወቅኩት። እሱ ግንባሯን ሳመና "አይዞሽ አክስቴ፣ ይሻልሻል" አላት። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ሊገንዟት ሴቶች ገቡ። ዘሪሁን ጋቢውን ከሳጥን አውጥቶ ታቅፎ በሩ ላይ ተቀመጠ። ያለቅሳል፤ ደግሞ ከልቡ ነው የሚያለቅሰው። ለቀስተኛው "ምን ያለ ልጅ ነው፣ ለክፉ ቀን የሚሆናትን በእጁ ሠርቶ" ይላል። እሱም "የኔ ሥራ ነው፣ ለእናቴ ነው" ይላል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይሄ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የፈተለች ሴት የሱቅ ክር ለብሳ ልትቀበር። ጮኼ ልናገር ነበር። የአባቴ አጥንት ያዘኝ።

የምትገንዘው ጎረቤታችን ብቅ አለችና "የጣቶቿን ማሰሪያ ክር አምጡ" አለች። ሲገነዝ ሁለቱ አውራ ጣቶች አንድ ላይ ይታሰራሉ።

ዘሪሁን ኪሱን መዳበስ ጀመረ። ሸማኔ ክር አያጣም። እኔ "ተው፣ እኔ ጋ አለ" ብዬ ያን ከሎጁ የመዘዝኩትን ክር ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ለምን በሱ እጅ እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ምያለሁ፤ ክሩ ግን አልማለም።

ተቀበለኝ። እንደ ልማዱ ጠበቅ ሊያደርገው በጣቶቹ ይዞ ወደፊት አሸው። ክሩ ላላ። እንደገና አሸው። እጁ ላይ ተፈታና ጥጥ ሆነ።

ዘሪሁን ልቅሶውን አቋረጠ። ጣቶቹን አየ፣ ከዚያ እኔን ቀና ብሎ አየኝ። ከዓይኑ ዓይኔን አላነሳሁም። አሁን ይናገራል አልኩ። ሰው ሁሉ አለ፣ የደብሩ ቄስ አሉ፣ ሬሳዋ ገና ከቤት አልወጣም። እሱ ግን ክሩን መለሰልኝና ጋቢውን ለሴቶቹ አቀበለ።

ክሩን በግራ እጄ፣ በተቃራኒው አክርሬ አጠፍኩት። ገብቼ ጣቶቿን ራሴ አሰርኩ።

ዛሬም ሲቀላ ገበያ እንገናኛለን። "እትዬ፣ ምነው ጠፋሽ?" ይለኛል። እኔም እጁን ይዤ "ዘሪሁን፣ የምትነግረኝ ነገር የለም?" እለዋለሁ። "ደህና ነኝ እትዬ" ይላል፣ መሬት መሬቱን እያየ። እማዬ ስትጠይቀው ለሱ አዝና ነበር። እኔ ስጠይቀው እንዲያመው ነው። ይቅር በይ የሚሉኝ የንስሐ አባቴ ናቸው፤ እሺ እላቸዋለሁ፣ ቤቴ ስገባ ግን እሺታው ከውስጤ አይገኝም።

የእናቴ ጋቢ ዛሬ የትኛው አገር፣ የማን ሶፋ ላይ ተዘርግቶ እንደሚውል አላውቅም። ከሦስት ዓመት ልፋቷ ይዛው የሄደችው፣ ልጇ ከሱቅ የሰረቀችላትን አንድ ክር ብቻ ነው።