የድሮው ባንክ ግድግዳ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞላሌ መናኸሪያ... የአባቴን ሻንጣ አውቶቡሱ ላይ አስጭኜ ዞር ስል አባዬ የሉም!

የት እንደሄዱ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። በቀጥታ ወደ ድሮው ባንክ ሮጥኩ። ባንኩ ራሱ ባለመስታወት ፎቅ ተከራይቶ ከወጣ ቆይቷል። አሮጌው ቤት ግን እንዳለ አለ... ጥርብ ድንጋዩ፣ ቅስት በሩ፣ ከግድግዳው ሥር እንደ መደብ ወጣ ያለው የድንጋይ እርከን። የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ስለሚያገኘው ሽማግሌዎቹ በየቀኑ ጀርባቸውን ለጥፈው የሚሞቁት እዚያ ነው።

አባዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተደላድለዋል።

«አባዬ፣ መኪናው ሊሄድ እኮ ነው!»

«ገና አልሞላም። ትንሽ ልሙቅ።»

እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። አዲስ አበባ እኔ ጋ እንዲኖሩ እሺ ያስባልኳቸው አልቅሼ ነው። እየተነጫነጭኩ አጠገባቸው ያለው ክፍት ቦታ ላይ ልቀመጥ ስል፣ ሽማግሌዎቹ ባንድ አፍ ጮኹብኝ።

«እዚያ አይደለም ልጄ! የወንድይፍራው ቦታ ነው።»

«የት ሄደው ነው?»

«አምና ልጁ አዲስ አበባ ወሰደው።»

«ታዲያ መቼ ይመለሳሉ?»

አንደኛው ወደ ቤተክርስቲያኑ በአገጫቸው ጠቆም አድርገው፣ «ተመልሷል... ለቀብሩ» አሉኝ።

ክው አልኩ።

አባዬ በወዲያኛው ጎናቸው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ትንሽ ልጅ ሆኜ ገበያ ይዘውኝ ሲመጡ፣ ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ በጋቢያቸው ሸፍነው የሚያስቀምጡኝ እዚሁ ነበር። ጀርባዬን ድንጋዩ ላይ ጣል አደረግኩ... ወይኔ! ያው የድሮው ሙቀት። እናቴ ከገበያው መሃል ስሜን የምትጠራ መሰለኝ። አንዴ ዓይኔን ልጨፍን ብዬ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደኝ።

ስነቃ ጋቢው እኔ ላይ ነው። አባዬ በኮታቸው ብቻ ተቀምጠዋል። ሻንጣቸው እግራቸው ሥር ቆሟል... ለካ ሄደው አስወርደውታል!

«መኪናውስ?»

«ሄደ።»

«አባዬ! ለምን አልቀሰቀሱኝም?»

«እንዴት አድርጌ ልቀስቅስሽ... ልክ እንደ ልጅነትሽ ተኝተሽ!»

ሽማግሌዎቹ አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው ይስቃሉ። ልቆጣ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

እሁድ ብቻዬን ተሳፈርኩ። ሽማግሌዎቹን ግን አደራ ብያቸዋለሁ... ከአባዬ ጎን ያለው ቦታ የእኔ ነው፣ ማንም እንዳይቀመጥበት!