ወርቅአገኘሁ ያደበዘዘው ቤት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጥምቀትን ሃያ ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ በፎቶ ያነሳ ሰው ማን ነው ብትሉኝ ወርቅአገኘሁ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲበዛ ግትር ሰው ነው። እኔ የውብዳር ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቃችን ግድግዳ ይጋራል። ሴቶቹ እኔ የሰፋሁትን ቀሚስ ለብሰው ይወጣሉ፣ እሱ ያነሳቸዋል። ስለ እሱ ከማውራቴ በፊት ግን የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ይሻላል።

የከተራ ዕለት ታቦቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርድ፣ ሰፈራችን ጥግ ላይ መንገዱ ይታጠፋል። ምንጣፍ የሚያነጥፉት ወጣቶች ከኋላ ያለውን ጠቅልለው ወደ ፊት እስኪያደርሱ ሰልፉ እዚያ ጥቂት ይቆማል። ወርቅአገኘሁ ይህችን ፋታ ያውቃታል። በየዓመቱ መብራት ምሰሶው ሥር ያለች ድንጋይ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። ከዚያ ሲያነሳ ከሰዎቹ ኋላ የሚታየው የእትዬ ይርጋለም ቤት ነው፤ ልስኑ የረገፈ የጭቃ ቤት፣ አረንጓዴ በር፣ ወደ ግራ ያዘነበለ ቆርቆሮ። የመጀመሪያውን ዓመት ፎቶ ሲያሳየኝ ደሜ ፈላ።

"ስንት ቀን ዓይኔን ያፈሰስኩበትን ጥልፍ ከዚህ ፍርስራሽ ጋር ታነሳዋለህ? ኋላውን አጥፋልኝ" አልኩት።

በዓመቱ ሌንስ ቀየረ። ከዚያ ወዲህ ጥልፉ ክሩ እስኪቆጠር ድረስ ይታያል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ እንደ አጥሚት የተዋሃደ ነገር ነው። ደንበኛ ወደደው። እሱ ኮራ፣ እኔም ኮራሁ።

ዘንድሮ ሰፈራችን ለመንገድ ማስፋፊያ ይፈርሳል ተባለ። ሁለት ወር ሳይሞላ ከጥጉ በላይ ያሉት ቤቶች ተነሱ፣ የድሮ ጎረቤቶቻችን በየአቅጣጫው ተበተኑ። የእትዬ ይርጋለም ግድግዳ ላይም ቀይ ምልክት ተቀባ። ቤቱን ከእናታቸው ወረሱት እንጂ ካርታ የለውም፤ መብራት እንኳ የሚስቡት ከጎረቤት ቆጣሪ ነው። ምትክ ቦታ ለማግኘት፣ ቤቱ ከ2004 በፊት የቆመ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት እንዲያቀርቡ ተነገራቸው። ካላቀረቡ ቤቱ ያለ ምትክ ይፈርሳል። ዕድሜያቸው ስድሳ ስምንት ነው፤ የሚጠጉበት ዘመድ የላቸውም።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ወርቅአገኘሁ ሱቅ መጡ።

"ልጄ፣ አንተ እኮ በየዓመቱ ደጄ ላይ ነህ። ቤቴን የያዘ ፎቶ አታጣም።"

"አላጣም እትዬ፣ ይቀመጡ" አለና እኔን አየኝ። ያን ጊዜ "ኋላውን አጥፋልኝ" ያልኩት ትዝ አለኝ።

ቀኑን ሙሉ ፈለግን። ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው የቀሩ ፎቶዎች በካርቶን ሙሉ ነበሩ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥም ሌላ አለ። ሁሉም ላይ ቀሚሱ ፍንትው ብሏል፣ ቤቱ ግን ቤት ይሁን ዛፍ አይለይም። የመጀመሪያው ዓመት ፊልም ጣሪያው ሲያፈስ ውሃ በልቶታል። ያን ዓመት ፎቶ ከገዙት ሴቶች አንዷን በስንት ፍለጋ አገኘኋት፤ ፎቶውን አልበሟ ውስጥ እንዲገባ ብላ ዙሪያውን በመቀስ ቆርጣዋለች።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ዶዘሩ ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ሲሠራ ሱቃችን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ አልቻልኩም።

"ቤቱ እኮ ዛሬም ቆሟል። አሁን አንሳውና ከድሮው ፎቶ ኋላ ለጥፈው። ሰዉን ሁሉ የፏፏቴ ሥዕል ፊት ስታቆም አልኖርክም?"

ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ሠራው። እውነት ይመስላል። ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየና አጠፋው።

"ማል ቢሉኝስ?"

"ትምላለህ።"

"አልምልም። ቢያውቁብን ደግሞ የእሳቸው እውነትም ውሸት ይሆናል።"

ግትር አልኩት፣ ፈሪ አልኩት፣ ሌላም ብዙ አልኩት። እሱ ፎቶዎቹን ሰብስቦ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ በዓመታቸው ደረደራቸው፤ ከ1998 ጀምሮ። እየተነፋረቅኩ አየሁ። አረንጓዴው ነጠብጣብ ሁሉም ላይ አንድ ቦታ ነው። የቆርቆሮው መስመር ሁሉም ላይ ወደ ግራ ያዘነብላል።

"ቦታዬን ቀይሬ አላውቅም" አለ። "ሌንሱም ያው ነው።"

ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ ከእትዬ ይርጋለም ጋር ምትክ የሚፈቅደው ኮሚቴ ፊት ቆምን። ሰብሳቢው አቶ ኪዳነ ማርያም ፎቶዎቹን አገላበጡ።

"ይህ ማስረጃ ነው? ምኑ ይታያል?"

"ያደበዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ ወርቅአገኘሁ። "ቤቱ ግን እዚያው ነው። መጥተው እኔ ከምቆምበት ቦታ ይዩት።"

አጉረመረሙ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ግን ጸሐፊዋን አስከትለው መጡ። እሱ ድንጋዩ ላይ ወጣ። እኔ የጥምቀት ቀሚስ ለብሼ ሰልፉ በሚቆምበት ቦታ ቆምኩ። እንደ ድሮው እኔን አጥርቶ ቤቱን አደብዝዞ አነሳና ካሜራውን ከ1998ቱ ፎቶ ጎን ያዘላቸው። አቶ ኪዳነ ማርያም አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። አረንጓዴው ገጠመ። ቆርቆሮው ገጠመ። ልቤ ትንሽ ሲመለስ ጣታቸውን አሮጌው ፎቶ ላይ አደረጉ።

"በሩ አጠገብ ያለው ይህ ነጭ ነገር ምንድነው? ሁሉም ላይ አለ። የዛሬው ላይ የለም።"

ወርቅአገኘሁ ፎቶውን ተቀብሎ አየ። መልሶ ለእኔ ሰጠኝ። እኔም በሩን አየሁ፤ ነጭ ነገር የለም። ለስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀርቷል፤ ጸሐፊዋ መዝገቡን ልትዘጋ ይዛዋለች።

"እኔ ነኝ" አሉ እትዬ ይርጋለም ከኋላችን። "እናቴ አልጋ ላይ ነበረች፣ ጥያት መሄድ አልችልም። ታቦቱን የምሳለመው ከደጄ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህም ለመድኩት።"

አቶ ኪዳነ ማርያም በሩን በእጃቸው አሳዩ። "እስቲ እንደዚያው ይቁሙ፣ እማማ።"

መንገዱን ተሻገሩ። ነጠላቸውን አስተካክለው በሩ አጠገብ ቆሙ፣ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ወርቅአገኘሁ አነሳ። ነጩ ነገር ቦታው ላይ ገጠመ።

"መዝግቢው" አሉ አቶ ኪዳነ ማርያም ለጸሐፊዋ። "ምትክ ይገባቸዋል።"

መደሰት ነበረብኝ። እኔ ግን አፈርኩ። ሃያ ዓመት እዚያ ሲቆሙ አንድ ቀን ዞር ብዬ እንኳን አደረሰዎት አላልኳቸውም። ወርቅአገኘሁ ከድንጋዩ ሳይወርድ ካሜራውን እያየ ቀረ።

"ልጄ፣ ወጣሁ ወይ?" ብለው ጠየቁት ከበሩ ላይ።

"ወጥተዋል እትዬ" አለ። "በየዓመቱ ወጥተው ነበር።"