የጅቡቲ ልጅ

የተወለድኩት ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 የሚባል ሰፈር ነው። የሰፈሩ ልጆች “ሐበሻዋ” ይሉኛል፤ አዲስ አበባ ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ ደግሞ “ጅቡቲዋ መጣች” እያሉ ይስቁብኛል። እናቴ ግን “የጅቡቲ ልጅ” ነበር የምትለኝ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተናድጄ ገባሁና፣ “እማዬ፣ አንቺም አባዬም ኢትዮጵያዊ ናችሁ። እኔ እንዴት የጅቡቲ ልጅ ሆንኩ?” አልኳት።

ልብስ እያጣጠፈች ነበር። “አንቺን እንደወለድኩ ታመምኩ፤ ጡቴም ደረቀ” አለችኝ። “አባትሽ ባቡር ላይ ስለሚሠራ ድሬዳዋ ነበር፤ ዘመድ የለኝም። የዚሁ አገር ሰው፣ ሶማሊዋ ጎረቤታችን ከራሷ ልጅ ጋር እያጠባች አቆየችሽ። ጥርስ እስክታበቅዪ ከእቅፏ አልወረድሽም። ታዲያ የማን ልጅ ልበልሽ?”

እናቴ ካረፈች ቆይቷል። ያጠቡኝ ጎረቤታችንም አርጅተው ጋቦዴ ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ገብተዋል። ባለፈው ዓርብ ልጠይቃቸው ሄድኩ። በሶማልኛ ስለ ድሮው ሰፈር ስናወራ ቆየን። በፊት ከእናቴ ጋር አማርኛ ያወሩ ነበር፤ አሁን ግን ጠፍቶባቸዋል። ሩዝና ዓሣ ሲቀርብ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና፣ “ነይ የኔ ልጅ፣ ብዪ እንጂ” አሉኝ በአማርኛ።

አባባላቸው ቁርጥ የእናቴ ነበር። ስንት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነው። እንደገና እንዲሉት ብዬ እጄን ሰብስቤ፣ ሳልበላ ትንሽ ቆየሁ።